ከቅኝት የመውጣት ጥበብ
ከወገራ ደጋ ቀረርቶ እስከ ኢትዮ-ጃዝ

«ቃኘ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። ባለመሰንቆ ጭራውን ወጥሮ ድምፁን ሲያስተካክል ቃኘ ይባላል፤ ወታደርም ከሰፈሩ ወጥቶ የጠላትን አኳኋን ሲያጠና ቃኘ ይባላል። የፊተኛው ቤት መሥራት ነው፤ የኋለኛው ከቤት ወጥቶ አገር ማየት ነው። ቃኚ የሚመሰገነው ርቆ በመሄዱ ብቻ አይደለም፤ ያየውን ይዞ ወደ ሰፈሩ በመመለሱ ነው። የጃዝ ሙዚቀኞች «ከቅኝት ውጪ መጫወት» የሚሉት ጥበብም ምሥጢሩ በዚህ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል።

ይህ ጥበብ ብዙውን ጊዜ በአሜሪካ ከተሞች ተወልዶ በሸክላና በትምህርት ቤት አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ እንደገባ ይነገራል። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው። ስልቱና የመሣሪያው ዓይነት ከውጭ የመጣ ነው። ከተወሰነው የድምፅ መሰላል ወጥቶ፣ አድማጭን በሥጋት አንጠልጥሎ፣ መልሶ ወደ ቤት የማግባቱ ልማድ ግን በሰሜኑ ደጋ ከሳክስፎንና ከፒያኖ በፊት የኖረ ነው። የኢትዮጵያ ጃዝ ታሪክም በትክክል የሚገባው እነዚህ ሁለት መንገዶች የተገናኙበት ቦታ ሲታወቅ ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ የወገራን ደጋ ይዞ ሲጓዝ ኮሶዬን ያገኛል። ስሟ የኮሶን ዛፍ የሚያስታውሰው ይህች መንደር የምትገኘው ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት ገደል አፋፍ ነው። እንዲህ ባለ አገር የሰው ድምፅ የሚመዘነው በጣፋጭነቱ ብቻ ሳይሆን ስንት ሸለቆ ተሻግሮ በመሰማቱም ጭምር ነው። በሠርግ፣ በአጨዳና በውቂያ ደቦ፣ በጀግና ለቅሶም ላይ የሚሰማው ቀረርቶ የዚህ ዓይነቱ አገር ልጅ ነው።

የቀረርቶን አካሄድ ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ሥርዓቱን ይረዳል። አቅራሪው በመጀመሪያ አንዱን ከፍ ያለ ድምፅ ይዞ ይዘረጋዋል፤ ከዚያም በቅኝቱ ደረጃዎች እየተንከባለለ ወደ ማረፊያው ይወርዳል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ የአድማጩን ጆሮ በቤቱ ውስጥ ካደላደለ በኋላ ስሜቱ ይግላል፤ ሽለላው ይፈጥናል፤ በመጨረሻም ዜማው ተሰብሮ ፉከራ ይሆናል። ፉከራ ከንግግርም፣ ከጩኸትም፣ ከዜማም የሚዋሰን ድምፅ ነው፤ በየትኛውም ቅኝት ደረጃ አይቆጠርም። ይሁን እንጂ በዙሪያው ያሉት ሰዎች «ሰውየው ዜማው ጠፋበት» አይሉም። የወጣበትን በር ያውቁታልና በጉጉት ይጠብቁታል። ፎካሪው ትንፋሹን ሰብስቦ የተነሣበትን ድምፅ መልሶ ሲይዝ እልልታው ይቀልጣል። ደስታው የሚመጣው ከመውጣቱ ወይም ከመመለሱ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱ መካከል ካለው ርቀት ነው።

ይህን ለመማር የተጻፈ መምሪያ አልነበረም። ልጁ በእረኝነቱ ዘመን ከገደል ማሚቶ ጋር እየተፎካከረ ድምፁን ይሞክራል፤ በድግስ ላይ ከአዋቂዎቹ ኋላ ቆሞ «ሆ» እያለ ይቀበላል። ለብዙ ዘመን ተቀባይ ሆኖ ቤቱን ሲጠብቅ የኖረው ነው በኋላ ወጥቶ ለመፎከር የሚደፍረው። በቤተ ክህነት ትምህርትም ተመሳሳይ ሥርዓት ይታያል። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የየቤቱን ልክ ጠንቅቆ ካላወቀ ቅኔ አይዘርፍም፤ ዝርፊያው ነፃነት ነው፤ ነፃነቱ ግን በልክ ላይ የቆመ ነው።

በዚሁ አገር ጥበቡን ሙያው አድርጎ የያዘው አዝማሪ ነው። መሰንቆው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስን ምልክት ግን የለውም። ስለዚህ የአዝማሪው ጣት በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ስፍራ ሁሉ እንደ ልቡ ይንሸራተትበታል። ዜማውን የሚያስጌጠውም በአብዛኛው ይህ መንሸራተት ነው። አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ በመሆኑ ሕፃኑ በቤቱ ውስጥ በየቀኑ እየሰማ ያድጋል፤ «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም ወዲያው በዜማ መመለስንም ከታላላቆቹ ይማራል። በጃዝ ቋንቋ ፈጠራዊ ጨዋታ የሚባለው ይኸው ነው።

የዚህ ድምፅ ኃይል ለገዥዎችም የተሰወረ አልነበረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች ሕዝብ ያነሣሣሉ፣ ወሬ ይነዛሉ ብለው ከፈጇቸው ወገኖች መካከል ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች ይገኙበታል። ወራሪው አዝማሪን የገደለው ስለፈራው ነው፤ የገዛ ወገኑ ግን በድግሱ ላይ እየተደሰተበት ሙያውን ሲንቅበት ኖሯል። ይህ ንቀት በኋላ ለሙዚቃ ትምህርት ያተረፈለት ጉዳት ቀላል አይደለም።

የአማርኛ ዘፈን በተለምዶ በ4 ቅኝቶች ይከፈላል፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዳቸው 5 ድምፆች አሏቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለባዕድ ጆሮ እጅግ የሚያስገርመው አንቺሆዬ ነው። መነሻውን «ዶ» ብንለው ቀጥሎ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ያለው ይመጣል፤ ከዚያ «ፋ»፣ ከዚያ ግማሽ ዝቅ ያለ «ሶል»፣ ከዚያም «ላ»። ከመነሻው እስከ አራተኛው ድምፅ ያለው ርቀት 3 ሙሉ ድምፅ ነው፤ የአውሮፓ የሙዚቃ መምህራን ለረጅም ዘመን ደቀ መዛሙርታቸውን ያስጠነቀቁበት፣ ዕረፍት የማይሰጥ ርቀት ይህ ነው። ለአውሮፓዊው ከቤት መውጣት የሆነው ለኢትዮጵያዊው የቤቱ ግድግዳ ነው ማለት ነው። «ውጪ» የሚለው ቃል ራሱ የቆመበትን ስፍራ ሳይጠይቁ ትርጉም እንደሌለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአሜሪካ ነገሩ በሌላ መንገድ ነበር የደረሰው። የአውሮፓው ሥርዓት 12 ግማሽ ድምፆች ሲኖሩት አንድ ዜማ እንደ ቤቱ የሚይዘው 7ቱን ነው፤ የቀሩት 5ቱ በደጅ ይቆያሉ። ቻርሊ ፓርከርና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እነዚህን የደጅ ድምፆች መሸጋገሪያ አድርገው ወደ ቤት ያስገቧቸው ጀመር። በ1959 ማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በተባለው ሥራው የኅብረ ድምፁን ጥድፊያ ቀንሶ በአንድ የድምፅ መሰላል ላይ ረዘም አድርጎ መቆየትን አሳየ፤ በዚያው ዓመት ኦርኔት ኮልማን ኒው ዮርክ ገብቶ ቤት የሚባለውን ነገር ራሱን ለክርክር አቀረበው። ጆን ኮልትሬን በ1960ዎቹ ከእነዚህ የተማረውን ይዞ እጅግ ርቆ ሄደ።

የጃዝ መምህራን ለተማሪ የሚያሳዩት መንገድ ቀላል ይመስላል። አንዱን የዜማ ሐረግ እንዳለ ወስዶ በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መጫወት፣ ከዚያም በግማሽ ድምፅ መልሶ ቤቱ ማግባት አንደኛው ዘዴ ነው። ሁለተኛው አንድን የድምፅ ቅርጽ እየደጋገሙ በተለያየ ከፍታ ላይ መደርደር ነው። ጆሮ ድምፆቹን ባያውቃቸውም ቅርጹን ስለሚያውቅ ያምነዋል። ከሁሉም በላይ ግን ምቱ መጥፋት የለበትም፤ ማረፊያውም በሰዓቱ መድረስ አለበት። በኮልትሬን ጓድ ውስጥ ፒያኖ ተጫዋቹ ማኮይ ታይነር በግራ እጁ የቤቱን ድምፅ እየመታ ይጠብቅለት ነበር። በወገራ ድግስ «ሆ» ባዮቹ የሚሠሩት ሥራም ይኸው ነው። ቤት የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ወጪው ስደተኛ እንጂ ቃኚ አይሆንም።

እነዚህ ሁለት መንገዶች ሳይተዋወቁ በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ተገናኙ። ይህ ሰው በ1927 ዓ.ም. በይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ ነው። በወጣትነቱ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ ተቀላቅሎ፣ ቀጥሎም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ተጫወተ። ጌታቸው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ሽለላንና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን ማሰማት ጀመረ። የአቅራሪውን መንዘርዘር፣ የጉሮሮውን መሻከር፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ መንደርደሩን ሁሉ ወደ ናሱ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ሸክላ ከብዙ ዓመት በኋላ በውጭ አገር ሲሰማ ተቺዎች ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር አነጻጸሩት። እርሱ ግን የእነዚህ ሰዎች ስም ሳይታወቅ በፊት የጀመረ፣ የትምህርት ምንጩም የጀግና ፉከራ የሆነ ሰው ነበር። በስተርጅናው ከኔዘርላንዱ «ዘ ኤክስ» ጓድ ጋር አውሮፓን ዞሮ፣ መጋቢት 2008 ዓ.ም. አረፈ።

ሙላቱ አስታጥቄ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ወደ ብሪታንያ፣ ከዚያም ቦስተን ወደሚገኘው የበርክሊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተሻገረ። ከቤት ርቆ ከሄደ በኋላ ነው ቤቱን መልሶ ያገኘው። ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የገጠመው ችግር 12ቱን ድምፆች በ5ቱ ሥር ሲያነጥፍ የ5ቱ መልክ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር። መልሱም ዜማውን በቅኝቱ አጽንቶ፣ ከቅኝቱ የሚወጣውን ኅብረ ድምፅ ከሥር ማስገባት ሆነ። ጌታቸው ዜማውን ከቤት ሲያስወጣ ሙላቱ ዜማውን በቤት አስቀምጦ ምድሩን ከሥሩ አንቀሳቀሰ። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ ያሳተማቸው 2 አልበሞችና በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የዚህ ሙከራ ደረጃዎች ናቸው። ኅዳር 1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን ከጓዱ ጋር አዲስ አበባ ሲመጣም ሙላቱ ከእንግዶቹ ጋር ለመጫወት በቅቷል። ከ2007 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ክራር 12ቱንም ድምፆች እንዲያሰማ የማሻሻል ጥናት ይዞ ነበር።

የሙላቱ ክራር ጥናት የዛሬን ጥያቄ ፊት ለፊት ያመጣዋል። የኤሌክትሪክ ኪቦርድ በየሠርጉና በየምሽት ቤቱ ከተስፋፋ ወዲህ የባለመሰንቆው ተንሸራታች ድምፆች በተቆረጡ ቁልፎች ልክ እየተሸከፉ ነው። ወጣቱ ሙዚቀኛ ከቅኝት የመውጣትን ዘዴ ከባዕድ መምሪያና ከተቀዳ ድምፅ መማር ይችላል፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጆሮውና በጉሮሮው ሳያሳድር ቢወጣ የሚወጣበት በር የባዕድ፣ የሚመለስበትም ቤት የባዕድ ይሆናል። ከመሰላሉ ውጪ የሚገኘው ድምፅ ለሁሉም አንድ አይደለምና።

ስለዚህም የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ለሳክስፎንና ለፒያኖ ተማሪዎቻቸው አዝማሪውንና አቅራሪውን ለማስታወሻ ያህል የሚቀዱ ቅርሶች ሳይሆኑ መምህራን አድርገው ሊያቀርቧቸው ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ የቆየውን የሙያ ንቀት መተው ነው። ጌታቸው መኩሪያ ፉከራውን ወደ ሳክስፎን ያስገባው መሣሪያው ከሽለላው ይበልጣል ብሎ ስላሰበ አልነበረም፤ ሽለላው መሣሪያውን ለማዘዝ ይበቃል ብሎ ስላመነ ነው። ተማሪው ሊወርሰው የሚገባውም ከድምፆቹ በፊት ይህን እምነት ነው።