የአስም መርፌው በምን ይመዘናል?
ኦማሊዙማብ የተባለው የአለርጂ አስም መርፌ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ በ2003 ነው። በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ አለርጂን የሚቀሰቅሰውን «አይጂኢ» የተባለ አንቲቦዲ ይይዛል።

ዋጋው ውድ ስለሆነ፣ ደረጃ ለመውጣትና ሌሊቱን ሳያስሉ ለማደር ማስቻሉ መረጋገጥ አለበት። እንደ ሕግ ባለሙያ «ተሽሎኛል» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃኝም፤ ተስፋም ያናግራል። ስለዚህ አንዱ ቡድን መድኃኒቱን፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ይወጋል፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም።

ታማሚው ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ሮጦ፣ በመጀመሪያው 1 ሰከንድ የሚያስወጣው አየር በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ እንቅስቃሴው የአየር ቧንቧውን አጥብቦበታል ማለት ነው። እንቅልፉን ደግሞ እጅ ላይ የሚታሰር መሣሪያና የጠዋት መጠይቅ ይመዘግቡታል።

እኔ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የመሣሪያው ልኬትና የታማሚው ቃል ሲደጋገፉ ማየት እፈልጋለሁ።