የልጆች ጊዜ ያተረፈልን

በአሜሪካ አገር ከ1960ዎቹ (እ.አ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የቅዳሜ ጧት የልጆች ነበረ። ታላላቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ካርቱን በተከታታይ ያሳያሉ፤ በመካከሉ ነጋዴው አሻንጉሊትና ጣፋጭ ያስተዋውቃል። ወጪውን የሚሸፍነው ማስታወቂያው ነበርና፣ ልጆች ካርቱን የሚያዩበት ሌላ መንገድ ሲበዛ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ልማዱም በ2014 እ.አ.አ. አከተመ።

የእኛ ታሪክ ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ጊዜ የያዘው በሥዕል የተሠራ አይጥ ሳይሆን የቴአትር ሰው ነበር፤ ተስፋዬ ሣህሉ። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ተሻግረው ወታደሩን በጨዋታ ያጽናኑ ናቸው። መሣሪያቸው ድምፃቸውና ፊታቸው ነበር፤ አንድ ሰው ጅብም፣ ጦጣም፣ አንበሳም ይሆናል። ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ ጎረቤት ደጃፍ ተኮልኩሎ ያይ ነበር። በሦስት መንግሥታት ዘመን 42 ዓመት ተርከው፣ «አባባ ተስፋዬ» እንደተባሉ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አረፉ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ማንሣታችን ለትዝታ ብቻ አይደለም። በካርቲየ ሰባትም ሆነ በካምፑ ልጆቻችን በፈረንሳይኛ ካርቱን ይስቃሉ፣ በሶማሊኛ ይጫወታሉ። ይህም ደግ ነው። ነገር ግን «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት» ብለው የሚመልሱት እያነሱ ሄደዋል። ጥፋቱ የካርቱኑ አይደለም፤ ተራኪው ዝም ስላለ ነው። የአባባ ተስፋዬ ውርስ የልጅን ልብ የሚይዘው መስኮቱ ሳይሆን ተራኪው መሆኑን ማሳየታቸው ነው። ተራኪ ደግሞ በየድንኳኑና በየቤቱ አለ። እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ተረት እንጀምር።