የገጹ ስፋትና የሥራው ዓይነት፤ የካሜራ ምርጫ ከወሎ ታሪክ አንጻር

የሙያ ባልደረቦች በተገናኙ ቁጥር ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» የሚለው ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከፎቶ ቤት ገቢ ለሚተዳደር ሰው ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ ምርጫው ከተሳሳተ የደከመበት ገንዘብ በማያስፈልገው መሣሪያ ላይ ታስሮ ይቀራልና። ይሁን እንጂ ጥያቄው «ለየትኛው ሥራ?» ተብሎ ካልተሟላ መልስ አይገኝለትም። ለዚህም ወሎ ራሱ በቂ ምስክር አለው።

በመሠረቱ ካሜራ ብርሃን የሚቀበል ገጽ ያለው ጨለማ ሣጥን ነው። ገጹ ቀድሞ በኬሚካል የተቀባ መስተዋት፣ ቀጥሎ ፊልም ነበር፤ ዛሬ ሴንሰር የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ሠሌዳ ሆኗል። ገጹ ሲሰፋ የሚሰበስበው ብርሃን ይበዛል፤ ብርሃን ባነሰበት ቦታም ምስሉ ይጠራል። በአንጻሩ ሌንሱ ይገዝፋል፣ ሸክሙ ይከብዳል፣ ዋጋው ይንራል። ስለዚህ የካሜራ ታሪክ ጥራትንና ቅልጥፍናን የማስታረቅ ታሪክ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በደበደቡ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሠፈራቸውን በከተማይቱ አድርገው ነበር። የውጭ አገር ጋዜጠኞችም በሥፍራው ስለ ነበሩ የድብደባው ወሬ በዓለም ላይ ተሰራጨ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከመትረየስ አጠገብ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍም እስከ ዛሬ በመጻሕፍት ይታተማል። በዚያ ዘመን በጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ ከተለመዱት ካሜራዎች ብዙዎቹ 9 በ12 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሠሌዳ የሚጎርሱ ነበሩ። ይህም ዛሬ ፉል ፍሬም ከምንለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ገጽ 12.5 እጥፍ ይሆናል። ምስሉ እጅግ ዝርዝር ነበር፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ምት አዲስ ሠሌዳ መጫን ግድ ነበር። ፉል ፍሬም የተባለው መጠንም ያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። ኦስካር ባርናክ የሲኒማ ፊልም እንዲጎርስ አድርጎ የሠራው ሌይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀርቦ፣ በአንድ ጥቅልል 36 ምት የማንሣትን ቅልጥፍና አስለምዶ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር የ1965ቱና የ1966ቱ ረኃብ ነው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሧቸው ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረኃብ» የተሰኘው ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ይኸው ዘገባ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ለኢትዮጵያ ተመልካች ቀረበ። የዘመኑ የቴሌቪዥን ዘጋቢዎች መሣሪያ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። የአንዱ ምስል ገጽ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 7.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከ9 በ12 ሠሌዳ ጋር ሲነጻጸር 140 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ዛሬ ውድ በሆኑ አንዳንድ የእጅ ስልኮች ውስጥ ካለው ሴንሰር ጋር ይቀራረባል። ሆኖም ለታሰበለት ሥራ አላነሰም። ምስሉ የታቀደው ለቴሌቪዥን መስኮት ነበር፤ ካሜራውም በትከሻ ተይዞ ሰው ወዳለበት የሚደርስ ነበር።

በዲጂታሉ ዘመንም ነገሩ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ምስል 10,000 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 ግን በ2.7 ሚሊዮን ነጥብና ከፉል ፍሬም ባነሰ ገጽ የጋዜጠኞች መሣሪያ ለመሆን በቃ፤ ጋዜጣው ከዚያ የበለጠ አልጠየቀምና። እ.ኤ.አ. በ2002 ካነን በ11 ሚሊዮን ነጥብ ፉል ፍሬሙን አስከተለ።

ዛሬ በገበያ ያሉት ዋና ዋና መጠኖች እንደሚከተለው ናቸው። መካከለኛ ፎርማት የሚባለው 44 በ33፣ ፉል ፍሬም 36 በ24፣ ኤፒኤስ-ሲ 23.5 በ15.6፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ 17.3 በ13፣ የ1 ኢንቹ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ፉል ፍሬም የኤፒኤስ-ሲን 2.4 እጥፍ ያህል ስፋት አለው። ብልጫው የሚታየው ብርሃን ባነሰበት ነው፤ ለምሳሌ በምሽት ሰርግ፣ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ክረምት ጉም በወረደ ጊዜ፣ ወይም መብራት ማብራት በማይፈቀድበት ታሪካዊ ቤት ውስጥ። የንጉሥ ሚካኤልን የአይጠየፍ አዳራሽ ዝርዝር ወይም የብራና መጻሕፍትን ለትውልድ ለመመዝገብ የተነሣ ባለሙያም ሰፊውን ገጽ ቢመርጥ ተገቢ ነው።

በአንጻሩ በፎቶ ቤት መብራት ለሚነሣ ጉርድ ፎቶ፣ በኮምቦልቻ ጠራራ ፀሐይ ለሚነሣ የሥራ ቦታ ምስል ይህ ብልጫ እምብዛም አይታይም። ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ 50 በ33 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጥሩ ኅትመት ይሰጣል፤ ይህም ለአብዛኛው ደንበኛ ከበቂ በላይ ነው። ከሩቅ ለሚነሣ የጥምቀት ሰልፍም ትንሹ ገጽ የራሱ ጥቅም አለው። በኤፒኤስ-ሲ ላይ የተገጠመ ባለ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም ላይ ባለ 450 ሌንስ የሚያሳየውን ያህል አቅርቦ ያሳያል። በእግር ለሚጓዝ ዘጋቢም የማይክሮ ፎር ሰርድስ ቅለት ዋጋው ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ የተወሰነበት ባልደረባ አስቀድሞ በዓመት ውስጥ የሠራቸውን ሥራዎች ቢቆጥር ይበጀዋል። ሥራው በአብዛኛው የምሽት ሰርግ ከሆነ ፉል ፍሬም ወጪውን ይመልሳል። ጉርድና የቀን ሥራ ከሆነ ግን አነስተኛውን ገጽ ገዝቶ የተረፈውን በጥሩ ሌንስ፣ በመብራትና ምስሎቹን በሁለት ቦታ በሚያስቀምጥበት ማከማቻ ላይ ቢያውለው ይሻላል። የ1928ም ሆነ የ1966 ዓ.ም. ምስሎች ዛሬ ምስክር የሆኑልን የሚያስቀምጣቸው ሰው ስለ ተገኘ ነውና፤ በሰፊ ገጽ ተነሥቶ የጠፋ ፎቶግራፍ ለማንም አይመሰክርም።