የጎደለችው ቁራጭ

ተገጣጣሚ ሥዕል ወይም በተለምዶ ፐዝል የምንለው ጨዋታ የተወለደው ከካርታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ በለንደን ከተማ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ ካርታ ሠሪ፣ ካርታዎችን በስስ ጣውላ ላይ እየለጠፈ፣ የአገሮችን ድንበር ተከትሎ በመጋዝ እየቆራረጠ ለሕፃናት ትምህርት ይሸጥ ነበር። አገሮቹን አንድ በአንድ ለሚገጥም ሕፃን አንዲት ቁራጭ ብትጠፋበት መጥፋቷን የሚነግረው ሰው አያሻውም፤ ባዶው ስፍራ የቅርጿን ልክ ይዞ ይቀራልና።

የጠፋውን የዩክሬን ሥነ ጥበብ ለማሰብ ከዚህ ጨዋታ የተሻለ መታሰቢያ ያለ አይመስለኝም። የዚያች አገር የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥዕል ታሪክ፣ የቁርጥራጭና የባዶ ስፍራ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኪየቭ ከ1108 እስከ 1113 የታነጸው ባለ ወርቅ ጉልላቱ የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል በሞዛይክ ያጌጠ ነበር። ሞዛይክ ራሱ ጥቃቅን ብርጭቆና ድንጋይ እየተገጣጠመ የሚሠራ ሥዕል ነው። በ1934 የሶቪየት ዩክሬን መዲና ከካርኪቭ ወደ ኪየቭ ሲዛወር፣ ለአዲሱ የመንግሥት አደባባይ ሲባል ካቴድራሉ እንዲፈርስ ተወሰነ። ሊቃውንት የማፍረሻውን ሰነድ እንዲፈርሙ በተጠየቁ ጊዜ፣ ተመራማሪው ሚኮላ ማካሬንኮ አልፈርምም አለ። በግዞት ተላከ፤ በ1938 ተረሸነ። ካቴድራሉ በ1937 በፈንጂ ተደረመሰ። በፍርስራሹ ላይ ሊቆም የታሰበው ሕንፃ ግን ጨርሶ አልተሠራም።

አስቀድመው ከግድግዳው ከተነሡት ሞዛይኮች መካከል ክርስቶስ ሐዋርያቱን ሲያቈርብ የሚያሳየው በኪየቭ ቅድስት ሶፍያ ተቀመጠ፤ የተሰሎንቄው ቅዱስ ድሜጥሮስ ሞስኮ፣ ትሬትያኮቭ ቤተ ሥዕል ገባ። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ከወሰዷቸው የግድግዳ ሥዕሎች ጥቂቶቹ ኤርሚታዥ ሙዚየም ደርሰው ከርመው በ2001 እና በ2004 ወደ ኪየቭ ተመልሰዋል። ካቴድራሉም በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደገና ታነጸ። ዛሬ አላፊ አግዳሚው ጉልላቱ ሲያብረቀርቅ አይቶ ሁሉም በቦታው ያለ ሊመስለው ይችላል።

የሠዓሊው ሚካይሎ ቦይቹክ ዕጣ ከዚህም ይከፋል። ቦይቹክ የቢዛንታይንን ቅዱሳት ሥዕላትና የገጠሩን ሕዝብ ጥበብ ከዘመናዊው አሣሣል ጋር አዋሕዶ፣ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በኪየቭ፣ በኦዴሳና በካርኪቭ ታላላቅ ግድግዳዎችን በሥዕል ሸፈነ። ጁላይ 13 ቀን 1937 ከደቀ መዛሙርቱ ከኢቫን ፓዳልካና ከቫሲል ሴድልያር ጋር በአንድ ቀን ተረሸነ። ሠዓሊት የነበረችው ባለቤቱ ሶፊያ ናሌፒንስካም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ተከተለችው። ገዳዮቹ በሰዎቹ ብቻ አልረኩም፤ ግድግዳዎቹም ተፋቁ፣ በኖራ ተለሰኑ። ከእነዚያ ታላላቅ ሥራዎች የተረፈው በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው።

እንግዲህ የቦይቹክን ግድግዳ በፐዝል እንገጥም ብንል መስመሩን እናገኛለን፤ የገበሬዋን ጎንበስ ማለት፣ የእጇን አያያዝ እናያለን። ቀለሙን ግን አናገኘውም። ግራጫ ሆኖ ይቅር እላለሁ፤ በግምት የሚቀባው ቀለም ለዓይን ደስ ቢያሰኝም ግድያውን ይሸፍናልና።

ታሪኩም ገና አልተዘጋም። በፌብሩዋሪ 2022 በኢቫንኪቭ የነበረው ሙዚየም በጦርነቱ ሲቃጠል፣ የአካባቢው ሰዎች የማሪያ ፕሪማቼንኮን ሥዕሎች ከእሳት አውጥተዋል። እነርሱ ሥዕሉን ራሱን አተረፉ። ዘግይተን ለደረስነው የቀረልን ሥራ አነስተኛ ነው፦ ቁራጮቹን በትዕግሥት መግጠም፣ የጎደለችውንም ቁራጭ ቦታዋን ሳንሞላ ለይቶ ማወቅ።