«ሉክ ዳውን ኦን»፦ ቁልቁል ማየትና መናቅ

«ሉክ ዳውን ኦን» የተባለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በቀጥታው ሲወሰድ ከከፍታ ላይ ቁልቁል መመልከት ነው። በደቡብ ኦሞ የካሮዎች መንደር የሆነችው ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ወንዙ ከሥሯ ሲጠማዘዝ ወለል ብሎ ይታያል። ስለዚህ «ኮልቾ ሉክስ ዳውን ኦን ዘ ኦሞ» ቢባል መንደሯ ወንዙን ቁልቁል ታያለች ማለት ነው፤ ነቀፋ የለበትም።

ባለቤቱም ተሳቢውም ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። «ዘ ጋይድ ሉክስ ዳውን ኦን ዘ ፋርመርስ» ያለ ተማሪ፣ አስጎብኚው ገበሬዎቹን ይንቃል ብሎ መክሰሱ ነው። ሊል የፈለገው ሰውየው አፋፉ ላይ ቆሞ ማሽላ ሲያርሙ ያያቸዋል ከሆነ፣ አስጎብኚውን በከንቱ አስወቀሰው። እዚህ ላይ «ሉክ ዳውን አት» ይሻላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ምሥጢሩ ሩቅ አይደለም፤ «ዝቅ አድርጎ ማየት» እኛም ጋ የንቀት አነጋገር ነው።

ተቃራኒው «ሉክ አፕ ቱ» ሲሆን ማክበርና ማድነቅን ይገልጻል። ቀና ብሎ ሰማይ ለማየት ደግሞ «ሉክ አፕ አት» ይበቃል።