የሕንድ ጌጣጌጥ፣ ጨርቃ ጨርቅና የእደ ጥበብ ውጤቶች፡ እውነተኛውን ከአስመሳዩ እንዴት መለየት ይቻላል?

ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሕንድ የሚጓዙ ሰዎች ሲመለሱ የወርቅ ጌጥ፣ ሳሪ ወይም የትከሻ ልብስ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ገበያ፣ አንዳንዴም በአንድ ሱቅ፣ በእጅ የተሸመነ ሐርና በማሽን የተመረተ ፖሊስተር ጎን ለጎን ተሰቅለው በተመሳሳይ ስም ይሸጣሉ።

ጉዳዩ የገዢውን ኪስ ብቻ የሚመለከት አይደለም። እአአ በ2019-20 የተካሄደው የሕንድ የእጅ ሽመና ቆጠራ በዘርፉ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች እንዳሉ አሳይቷል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ሳምንታት የወሰደን ሥራ በሰዓታት አስመስሎ የሚያወጣ ማሽን የእነዚህን ሠራተኞች ዋጋ ይሰብራል። የጥበብ ልብስን የሚያስመስል የፋብሪካ ህትመት ገበያቸውን የሚሻማባቸው የኢትዮጵያ ሸማኔዎችም ይህን ችግር ያውቁታል።

የሕንድ ጨርቅ ለቀይ ባሕር አካባቢ እንግዳ አይደለም። በአንደኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው 'የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ' የተሰኘ የነጋዴዎች መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል የሕንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅን ይጠቅሳል።

ወርቅ፡ ሦስቱ ምልክቶች

የሕንድ መንግሥት ከሰኔ 2021 (እአአ) ጀምሮ የወርቅ ጌጣጌጥ የጥራት ማኅተም እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ አድርጓል። ማኅተሙ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የሕንድ የደረጃዎች ቢሮን ዓርማ፣ የወርቁን ንጽሕና እንዲሁም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለስድስት ሆሄ መለያ።

ንጽሕናው በቁጥር ይገለጻል። 916 ማለት 22 ካራት፣ 750 ማለት 18 ካራት፣ 585 ደግሞ 14 ካራት ነው። ገዢው መለያውን 'ቢአይኤስ ኬር' በተባለው የቢሮው የስልክ መተግበሪያ ላይ አስገብቶ ማረጋገጥ ይችላል።

ሆኖም ደንቡ ሁሉንም አይሸፍንም። ከ2 ግራም በታች የሆኑ ጌጦች እንዲሁም ኩንዳን፣ ፖልኪና ጃዳው የሚባሉት ባህላዊ የሙሽራ ጌጣጌጦች ከግዴታው ነፃ ናቸው። ጥንቃቄ በብርቱ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

በኩንዳን አሠራር የከበሩ ድንጋዮች ስስ በሆነ ንጹሕ ወርቅ ተከበው ይቀመጣሉ፤ የጌጡ ውስጥ ደግሞ ላክ በተባለ ሙጫ ይሞላል። ስለዚህ ሚዛን ላይ የሚነበበው ክብደት ሁሉ ወርቅ አይደለም። የወርቁ፣ የድንጋዩና የሙጫው ክብደት እንዲሁም የእጅ ዋጋው በደረሰኙ ላይ ለየብቻ እንዲጻፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዚህ ጥበብ ዋና ማዕከል የራጃስታን ግዛት መዲና ጃይፑር ናት። ጆሃሪ ባዛር በተባለው የከተማዋ ገበያ የከበሩ ድንጋዮች በብዛት ይሸጣሉ። ከሩቢዎቹ መካከል ስንጥቃቸው በመስታወት የተሞላ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ዋጋቸው ከፍ ላሉ ድንጋዮች የላቦራቶሪ ማረጋገጫ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጨርቃ ጨርቅ፡ ጀርባውን ማየት

የእጅ ሽመናን ለመለየት ቀዳሚው ዘዴ ጨርቁን ገልብጦ ማየት ነው። በእጅ በተሸመነ የባናራሲ ሳሪ ጀርባ ላይ የጥለቱ ክሮች ተንጠልጥለው ወይም ተቆርጠው ይታያሉ። በጠርዙ ላይም ጨርቁ ተወጥሮ የተያዘባቸው ጥቃቅን የመርፌ ቀዳዳዎች ብዙውን ጊዜ አይጠፉም።

በጉጃራት ግዛት በፓታን ከተማ የሚሠራው ፓቶላ ግን የተለየ ነው። ድሩም ማጉም ከመሸመኑ በፊት በንድፉ መሠረት ስለሚቀለም፣ የጨርቁ ሁለት ገጾች አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን ሳሪ ሠርቶ ለመጨረስ ወራት ይፈጃል፤ በጥቂት ገንዘብ የሚሸጥ 'የፓታን ፓቶላ' ሊያጠራጥር የሚገባውም ለዚህ ነው።

እውነተኛ ሐር ሲቃጠል የፀጉር ሽታ ይሰጣል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ፈተናው ከጠርዝ በተመዘዘ አንድ ክር፣ በሻጩ ፈቃድ ሊደረግ ይችላል።

በጃይፑር አቅራቢያ ሳንጋኔርና ባግሩ በተባሉት ቦታዎች ጨርቅ በተቀረጸ እንጨት ይታተማል። ማኅተሞቹ በሚገናኙበት ቦታ የሚታይ ትንሽ መዛነፍ ጉድለት ሳይሆን የእጅ ሥራ ምልክት ነው።

የካሽሚር ፓሽሚና የሚሠራው በሂማላያ ከፍታ ቦታዎች ከሚረቡ ፍየሎች ከሚገኝ፣ ውፍረቱ ከ16 ማይክሮን ካልበለጠ ጠጉር ነው። ልብሱን በቀለበት ውስጥ አሾልኮ ማሳየት ሻጮች የሚወዱት ዘዴ ቢሆንም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ስስ ቪስኮስም ያልፋል።

መንግሥት ለገዢዎች መለያ የሚሆኑ ምልክቶችንም አዘጋጅቷል። 'ሲልክ ማርክ' እአአ በ2004 ለንጹሕ ሐር፣ 'ሃንድሉም ማርክ' ደግሞ በ2006 ለእጅ ሽመና ሥራ ላይ ውለዋል። ሲልክ ማርክ ጨርቁ ሐር መሆኑን እንጂ በእጅ መሸመኑን እንደማያረጋግጥ ልብ ማለት ያሻል።

ከየት ይገዛ?

በደልሂ ጃንፓት ጎዳና ላይ የሚገኘው ማዕከላዊ የጎጆ ኢንዱስትሪዎች መደብርና በባባ ካራክ ሲንግ መንገድ የተደረደሩት የክልል መንግሥታት ሱቆች በተቆረጠ ዋጋ ይሸጣሉ። የእቃዎችን ትክክለኛ ዋጋ ለማወቅ ከእነሱ መጀመር ይጠቅማል። እአአ በ1994 በተከፈተው ዲሊ ሃት ደግሞ የእጅ ባለሙያዎች ሥራቸውን ራሳቸው ይዘው ይቀርባሉ።

በሌሎች ገበያዎች ዋጋ መከራከር የተለመደ ነው። ሾፌር ወይም መንገድ መሪ የመረጠው ሱቅ ግን ብዙ ጊዜ የእሱን ኮሚሽን ዋጋው ላይ ይጨምራል።

መግዛት የማይገባው

'ሻህቱሽ' የተባለው ልብስ ቺሩ ከሚባል የቲቤት የዱር እንስሳ ጠጉር ይሠራል፤ ጠጉሩ የሚገኘውም እንስሳው ተገድሎ ነው። ንግዱ በሕንድ ሕግም በዓለም አቀፍ ስምምነትም የተከለከለ ነው። የዝሆን ጥርስም እንዲሁ።

እአአ በ1972 የወጣው የቅርስ ሕግ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት በላይ የሆኑ ቅርሶችን ግለሰቦች ከአገር እንዳያወጡ ይከለክላል። ስለዚህ 'ጥንታዊ' ተብሎ የቀረበ ሐውልት እውነተኛ ከሆነ ተጓዡን በጉምሩክ ያስጠይቀዋል፤ ሐሰተኛ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ያስበላዋል።