ዳገት የሚፈትነው ድምፅ፦ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ተነሥቶ፣ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ 2,700 ሜትር ገደማ የሚደርስ በመሆኑ፣ ማርሹ በእጅ ለሚቀየር አሮጌ መኪና ከባድ ፈተና ሆኖ ኖሯል። ስለ ዶርዜ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ በሽመናው፣ ከቀርከሃ በሚሠራው ረጅም ቤትና በእንሰቱ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ሸማኔውንና የሸመነውን ተሸክሞ ይህን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረው መኪና፣ ሕመሙንም በጆሮው ለይቶ ያቆየው መካኒክ፣ የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም።

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቢሆንም፣ የጥገና ሙያ ሥር የሰደደው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ በገቡት የፊያትና የላንቻ የጭነት መኪኖች፣ ከዚያም በኋላ በአገሪቱ በቀሩ ጣልያናውያን ጋራዦች ነው። ዛሬም በየጋራዡ ከሚነገሩት ስሞች አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው፦ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን፣ የማርሹ ጥርሶች የሚገኙበት ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል በሚወስደው ዘንግ ጫፍና ጫፍ የሚገኘው መስቀለኛ መጋጠሚያ ክሮቼራ፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያካፍለው ዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሴሚያስ፣ ዘንጎቹ ሳይፋተጉ እንዲዞሩ የሚያደርገው ኩሽኔታ። ምንም እንኳ የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፍቶ ሙያውን በመደበኛነት ማስተማር ቢጀምርም፣ ብዙው መካኒክ የተማረው በረዳትነት፣ በጭነት መኪና ላይ እየዞረና ከመኪናው ሥር እየተኛ ነበር።

የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በደጋው ላይ የነበረችው ጨንቻ ነበረች። መቀመጫው በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ገደማ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር ቢሮው ቆላ ወርዶ ሕዝቡ ደጋ ቀረና በሁለቱ መካከል ያለው ምልልስ የዘወትር ሆነ። በዚህ ላይ በሽሮ ሜዳና በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚሸምነው ዶርዜ ለመስቀል ወደ አገሩ ይመለሳል፤ መስቀል ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ የሚውል በዓል ስለሆነ፣ ከልክ በላይ የተጫነ መኪና በአንደኛ ማርሽ ዳገቱን ሲቧጥጥ ፍሪሲዮኑ የሚቃጠለው፣ ክሮቼራውም የሚላላው በዚህ ወቅት ነው።

በብረት ውስጥ የሚያልፍ ድምፅ በሻንሲው ተጉዞ ከምንጩ ርቆ ስለሚሰማ፣ የመካኒኩ ምርመራ መሠረት መኪናው መቼ ይጮኻል፣ መቼስ ዝም ይላል የሚለው ጥያቄ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የሚሰማ ጉርምርምታ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ፣ በዚያች ቅጽበት መዞሩን ያቆመው የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ስለሆነ ጥርጣሬው በእርሱ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፤ ሲረገጥ የሚጀምር ፉጨት ግን የራሱን የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ያመለክታል። መኪናው ሲነሣ ወይም እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ አንዴ «ቋ» የሚል ከሆነ መጀመሪያ የሚነቀነቀው ክሮቼራው ነው። እንደ አሮጌዎቹ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ባሉት መኪኖች አራተኛው ማርሽ ኃይሉን ከመግቢያው ዘንግ ወደ መውጫው በቀጥታ ስለሚያሳልፍ፣ ከሥር ያለው አጋዥ ዘንግ ሸክም አይኖርበትም፤ ስለዚህም እስከ ሦስተኛ ድረስ ጮኾ በአራተኛ የሚረጋ ካምቢዮ ጉዳቱ በዚያው ዘንግ አካባቢ ይፈለጋል። በየትኛውም ማርሽ የማይለወጥ፣ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ብቻ የሚጨምር ጩኸት ከካምቢዮ በስተኋላ ያለ ነው።

የዶርዜ ዳገት ለዚህ ሙያ የሰጠው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ጎማውን ስለሚገፋ የዲፈረንሻሉ ጥርስ በአንድ ፊቱ ይሸከማል፤ በማርሽ ተይዞ ቁልቁል ሲወረድ ጎማው ሞተሩን ስለሚገፋ ሸክሙ ወደ ሌላኛው ፊት ይዞራል፤ ጩኸቱ በአንዱ ብቻ ከተሰማ የተበላው ፊት ይለያል። በሜዳ መንገድ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚገኘው ይህ ልዩነት እዚህ ለረጅም ደቂቃዎች ይዘልቃል። ጩኸቱ በመጠምዘዣዎቹ ላይ፣ ክብደቱ ወደ ውጨኛው ጎማ ሲያጋድል የሚብስ ከሆነ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ ይመረመራል። የአየሩም ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በጨንቻ ብርድ ሌሊቱን የረጋ የካምቢዮ ዘይት የተበላ ጥርስን ድምፅ አፍኖ ሊይዝ ይችላል፣ በአርባ ምንጭ ሙቀት ሲቀጥን ግን ጩኸቱ ይወጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ደጋ ላይ ደህና የተባለ መኪና ቀትር ላይ ቆላ ሲደርስ ቢጮኽ የሚያስገርም አይደለም።

ካምቢዮ ማውረድ ብዙ ጉልበትና ወጪ ስለሚጠይቅ፣ አስቀድሞ ዘይቱ ተቀድቶ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ይታሻል። ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የተለመደ የመበላት ምልክት ነው፤ የሚቆረቁር ስባሪ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መሰበሩን ይናገራል፤ ወርቅማ ብናኝ ማርሾቹን ከሚያስማሙት የነሐስ ቀለበቶች የመጣ ነው፤ ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መግባቱን ያሳያል። ካምቢዮው ወርዶ ሲከፈት፣ ረዳቱ ጣቱን በኩሽኔታው መሮጫ ላይ እያሳለፈ የተቦረቦረውን ቦታ ይፈልጋል፤ መካኒኩ ዳገቱ ላይ ሰምቶ የጠረጠረው ኩሽኔታ ያ መሆኑንና አለመሆኑን ሁለቱም የሚያረጋግጡት በዚህ ጊዜ ነው።